ውሃ ሆኖ ስላልተገኘው ውሃችን

«ደንበኛው በሁለት ሊትር ጠርሙስ ያቀረቡት ናሙና በክፍላችን ታይቷል። ውሃ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የሌለው ፈሳሽ ነው። የቀረበው ናሙና ግን ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም ያለው በመሆኑ ውሃ ሆኖ አልተገኘም። መሥሪያ ቤታችን የሚያቀርበው ውሃ ብቻ ስለሆነ ቅሬታው እኛን የማይመለከት መሆኑን እንገልጻለን።»

ለተከበሩ የከተማው ውሃ አገልግሎት የውሃ ጥራት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ሆኑ መላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ኩላሊቶቻችሁ፣ በፍጹም ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ።

ከላይ የሰፈረው ባለፈው ማክሰኞ በማኅተም ታጅቦና በፊርማዎ ተከብሮ የደረሰኝ መልስ ነው። ቃል በቃል ገለበጥኩት፤ አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አንድ ነጥብ አልቀነስኩም፤ በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ እጅ ማስገባት ነውር ነው። ስድስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተናደድኩ፣ በሦስተኛው ሳቅኩ፣ በስድስተኛው ላይ አንድ የቆየ ነገር ትዝ ብሎኝ የድሮ ሣጥኔን ፍለጋ ተነሣሁ። ስለዚያ ነገር በኋላ እመለስበታለሁ። ደብዳቤዬን በአደባባይ ማውጣቴ እንዳያስቀይምዎ እለምናለሁ፤ ሌላውም የከተማው ነዋሪ በየጠዋቱ የሚጠጣው ምን እንዳልሆነ ማወቅ ቢሻ ብዬ ነው።

አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ታላቅ እህቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላት፣ በምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያ አላት። ንብረቷ ሁለት ማሽን፣ አንድ የእንፋሎት ካውያና ጣሪያ ላይ የተወጠረ ስምንት መስመር ሽቦ ሲሆን፣ ሦስት ሴቶች አብረዋት ይሠራሉ። ሥራዋ በአብዛኛው ነጭ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ክሊኒክ የሐኪሞች ጋዋንና የአልጋ አንሶላ እያጠበች አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። ከአራት ወር በፊት መሥሪያ ቤትዎ መንገዳችንን ቆፍሮ ቤቶቻችንን ከአዲሱ መስመር ነቀለና ከአሮጌው ጋር አገናኘ። የቁፋሮው ፎርማን «ለሁለት ቀን ነው፣ ታገሡን» አለን። እየታገሥን ነው፤ ሁለቱ ቀን ግን ገና አላለቀም።

ከዚያን ዕለት ወዲህ ቧንቧችን የሚያወርደው የዛገ ቡናማ ነገር ነው፤ ነጭ ጋዋን ይገባና የሻይ ቀለም ይዞ ይወጣል። እትዬ መጀመሪያ ሳሙናውን ጠረጠረችና ሳሙና ቀየረች። ቀጥላ በረኪና ጨመረች፤ በረኪና ደግሞ ብረት ያለበት ውሃ ሲያገኝ ዝገቱን ጨርቁ ላይ ይቸነክረዋልና ጋዋኑ ከሻይነት ወደ ብርቱካንነት ተሻገረ። አሁን በየጠዋቱ ውሃው ወደ ማሽኑ የሚገባበትን ማጥለያ ፈትታ በጥርስ ብሩሽ ትፍቀዋለች፤ የሚወጣው አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ዝገት ነው። የክሊኒኩ ዋና ነርስ ጨዋ ሴት ናት፤ «እትዬ፣ እርስዎን ምንም አልልም፤ ግን ሐኪሞቼ ገና ከበር ሲገቡ ሕመምተኛው ጋራዥ የመጣ ይመስለዋል» ብላ ካሳቀቻት በኋላ፣ ወሩ በገባ በሃያኛው ቀን ጋዋኖቹ ነጭ ሆነው ካልተመለሱ አለቆቿ ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጡ አሳወቀቻት። ክሊኒኩ ከሄደ ማጠቢያው ይዘጋል። ስድሳ አራት ዓመት የሞላት ሴት ከዚህ በኋላ ሌላ ሙያ ትጀምራለች ብሎ የሚያስብ ካለ እጆቿን መጥቶ ይይ።

እንግዲህ የምጽፍልዎ ስለዚህ ነው። ጊዜዎ የከበረ መሆኑን ስለማውቅ ቅሬታዎቼንና ምስጋናዎቼን፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየቱን ለእርስዎ ትቼ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። ሥራውን በሚገባ እንደሚሠራ የሚምል መሥሪያ ቤት ሞልቷል፤ እንደማይሠራ በማኅተም ያረጋገጠ ግን የእርስዎ የመጀመሪያው ነው። ከውሃ መሥሪያ ቤት ቧንቧ የወጣው ውሃ አይደለም ብሎ የሚመሰክር የውሃ መሥሪያ ቤት ሲገኝ ዜጋ ኮርቶ ዝም ማለት ነበረበት፤ እኔ ግን አንድ ጥያቄ ከነከነኝ። ውሃ ካልሆነ ምንድን ነው? አራት ወር ሙሉ ፊታችንን የታጠብንበት፣ ሕፃናት ያጠብንበት፣ መድኃኒት የዋጥንበት ነገር ስሙን ማወቅ መብታችን ይመስለኛል። በዚህ ነገር የተፈላ ሻይ እንደ ብዕር ቀለም ይጠቁራል፤ ብረት ከሻይ ቅጠል ጋር ሲገናኝ ይህ እንደሚሆን ክፍልዎ አይጠፋውም። ከላያችን ያለው ጡረተኛ ዳኛ አንድ ጠዋት ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና «በዚህስ ፍርድ ይጻፍበታል እንጂ አይጠጣም» ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

ሁለተኛ፣ በዋናው በር ላይ ያቆሙትን የጥበቃ ሠራተኛ ማመስገን እፈልጋለሁ። ናሙናዬን ይዤ በመጣሁ ጊዜ «ጋሼ፣ ፈሳሽ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለኝ። ውሃ መሆኑን፣ የመጣሁትም ወደ ውሃ መሥሪያ ቤት መሆኑን፣ ሰው ወደ ውሃ መሥሪያ ቤት ውሃ ይዞ ቢመጣ ዳቦ ቤት ዱቄት ይዞ እንደመምጣት ያለ ነገር መሆኑን በትሕትና አስረዳሁት። ደንቡ ደንብ ነውና «እንግዲያው ውሃ ከሆነ አንድ ጊዜ ይጎንጩለትና ይግቡ» አለኝ። ጠርሙሱን ከፌስታሉ ሳወጣው ግን ቀለሙን አየና ክንዴን አፈፍ አድርጎ «ኧረ ይተዉ አባቴ! ምን አደረግኩዎት፣ በእኔ ተረኛነት ሊሞቱ ነው?» ሲል ጮኸ። የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ክፍልዎ ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ያልደረሰበትን የምርመራ ውጤት ይህ ሰው በሁለት ሰከንድ፣ ያለ መሣሪያ፣ ቆሞ ደርሶበታል። ወደ ጥራት ክፍሉ ቢዛወር፣ በምትኩ ደግሞ በሩ ላይ ማን ቢቆም እንደሚሻል ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል።

ሦስተኛ፣ ውሃ የራሱ ቅርጽ የለውም፣ የተቀዳበትን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል ብለን እናስተምራለን። ማመልከቻዬም እንዲሁ ሆነ። መስኮት አራት ስትደርስ የቴክኒክ ጉዳይ ነበረች፤ አንደኛ ፎቅ ላይ የሕግ ጉዳይ ሆነች፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ «የሕዝብ ግንኙነት ነው የሚያየው» ተባለች፤ የሕዝብ ግንኙነቱ ባለሙያ ደግሞ ከሕዝብ ጋር ለመገናኘት ከቢሮ ወጥቶ ስለነበር ሦስት ቀን በሩ ሥር አደረች። በተፈጥሮ ውስጥ ውሃ በፀሐይ ሙቀት ተንኖ ወደ ላይ ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆንና ተመልሶ በተነሣበት ምድር ላይ ይወርዳል። ማመልከቻዬም በቁጣዬ ሙቀት ወደ ላይ ወጣች፣ ላይ ስትደርስ ቀዘቀዘች፣ ጥቂት ቀናት አንዣበበችና በአሥራ ዘጠነኛው ቀን እዚያው መስኮት አራት ላይ፣ በራሴ ላይ ዘነበች። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ የተፈጥሮው ዝናብ ሲወርድ አንድ ነገር ያበቅላል። ያም ሆኖ የተፈጥሮን ሕግ በአራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ በተግባር ስላሳያችሁኝ ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው፤ በክፍል ውስጥ በጠመኔ ሥዬ ሳስረዳ ለኖርኩ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አራተኛ፣ ውሃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ይፈሳል። በመሥሪያ ቤትዎ ጥፋትም እንዲሁ ነው። ይህን በአጭሩ ማለፍ መርጫለሁ።

አምስተኛ፣ መፍትሔው። ከመንገዳችን ጫፍ ላይ አንድ ክብ የብረት ክዳን አለ። «መፍቻ» ብለን የምንጠራው የሰፈራችን ቧንቧ ሠራተኛ ክዳኑን በጫማው ጫፍ መታ መታ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ነገሩ ይህቺን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ማፍሰስ ነው፤ መስመሩ ሆዱን ታጥቦ ያርፋል» አለኝ። ታዲያ ለምን አትከፍታትም ስለው «እኔ? እሥር ቤት ገብቼ እትዬ ስንቅ ታመላልስልኝ? ማኅተም አለባት እኮ፤ የሚከፍቷት እነሱ ብቻ ናቸው» ብሎ መሣሪያውን ሰበሰበ። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሠራተኛ፣ አንድ መክፈቻ። እርስዎ ናሙናዬ ውሃ አለመሆኑን የገለጹበት ደብዳቤ ለመተየብ፣ ለመፈረም፣ ለመታተምና ወጪ ሆኖ ለመመዝገብ ከዚህ የበለጠ ጊዜ እንደወሰደ በሃያ ሰባት ዓመት የመንግሥት ሠራተኝነት ልምዴ እመሰክራለሁ።

ስድስተኛ፣ እነሆ ወደዚያ ወደ ቆየው ነገር መጣሁ። «ውሃ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የሌለው ፈሳሽ ነው» ብለዋል። የተከበሩ ኃላፊ፣ በዚህ አያያዝዎ ወንዙ ውሃ አይደለም፤ ዝናብ ባዘነበ ቁጥር አፈር ተሸክሞ ይደፈርሳልና። ባሕሩ ውሃ አይደለም፤ ጨው ነውና፤ ዓሣዎቹ በምን ውስጥ እንደሚኖሩ በደብዳቤ ይነገራቸው። ከድንጋይ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ እንኳ የድንጋዩን ጣዕም ይዞ ነው የሚወጣ። ውሃ ያገኘውን ሁሉ የማሟሟትና ይዞ የመሄድ ጠባይ ስላለው፣ ሰማይ ላይ አየሩን፣ ምድር ላይ ማዕድኑን፣ በእኛ ሰፈር ደግሞ የእርስዎን ቧንቧ ይዞ ይመጣል። ውሃ በሄደበት ሁሉ ያለፈበትን ይናገራል፤ ቧንቧችሁን የሚከሰውም እኔ ሳልሆን እሱ ነው። ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የሌለው ውሃ ሳይሆን *ንጹሕ* ውሃ ነው። «ንጹሕ» የምትል አንዲት ቃል ጎድላለች።

ይህቺ ቃል ከእርስዎ እጅ ስትወድቅ የመጀመሪያዋ አይደለም። ከፊርማዎ በታች የሰፈረውን ሙሉ ስም በስድስተኛው ንባቤ ላይ አስተዋልኩት። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ በሰባተኛ ክፍል የሳይንስ ፈተና ላይ፣ «ንጹሕ ውሃ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ በሦስተኛው ረድፍ መስኮት አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ጎበዝ ልጅ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር፣ ይህንኑ ቃል ገድፎ ጻፈ። ጀማሪ መምህር ነበርኩና ግማሽ ነጥብ ቀነስኩበት። በማግሥቱ ልጁ አባቱን ይዞ መጣ። አባትየው የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመው «ምነው የኔ ጌታ፣ ለአንዲት ቃል ብለህ ልጁን እንቅልፍ ትነሣዋለህ? ቃሏ ብትኖርስ ባትኖርስ ማን ይሞታል?» አሉኝ። ደወል ተደውሎ ነበር፤ ርቦኝም ነበር። ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁና ሃያ ዘጠኝ ተኩሉን ሠላሳ አደረግኩት። ያ ልጅ እርስዎ ነዎት። ባለፈው ሳምንት የድሮ የውጤት መዝገቤን ከሣጥን አውጥቼ አረጋግጫለሁ፤ ስርዝ ድልዙ አሁንም ይታያል።

ስለዚህ የእርስዎ ደብዳቤ ግማሽ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በአደባባይ እናዘዛለሁ። ይህንኑ ለእህቴ ስነግራት አንሶላ እያጠፈች ነበር። እጇን አቆመችና አየችኝ። ይህቺ ሴት እኔን ዩኒቨርሲቲ ያስገባችኝ በእጇ የሰው ልብስ እያጠበች ነው፤ ያኔ ማሽን አልነበራትም። «እንዴ! አንተን ያስተማርኩህ እኔ፣ እሱን ያስተማርከው አንተ፣ ልብሴን ያበላሸብኝ እሱ! ታዲያ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኔው ጋ መጣ ማለት ነው?» ብላ እስክታስል ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ ግን አንሶላውን ወደ ብርሃኑ አንሥታ መሃሉ ላይ ያለውን ቡናማ ክብ አየችና፣ ለእኔም ለማንም ሳይሆን፣ «እኔ ያልተማርኩት እንኳ ውሃ ሳይ አውቀዋለሁ» አለች። እኔም የተማርኩት የት እንደገባ ጠፋብኝ።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ያቺ ክዳን ትከፈት፣ መስመሩ ይታጠብ፣ ቤቶቻችን ወደ አዲሱ መስመር የሚመለሱበት ቀን ይነገረን። የጽሑፍ መልስዎን ወሩ በገባ በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት እጠብቃለሁ። አሥራ አምስተኛው ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዛገ ጋዋን ወደ ነጭነቱ ለመመለስ ሁለት ዙር ማስለቀቂያ፣ ሦስት ዙር ንጹሕ ውሃና አንድ ሙሉ የፀሐይ ቀን ይፈልጋል፤ እትዬ አስልታዋለች፣ እኔም ስሌቷን አርሜ ስሕተት አላገኘሁበትም። በአሥራ ስድስተኛው ቀን የሚደርስ መልስ በጣም ያማረ ቢሆን እንኳ ለተዘጋ ማጠቢያ የተጻፈ የሐዘን መግለጫ ይሆናል። መልስ የማይመጣ ከሆነም አባቶች «ውሃን ምን ያስጮኸዋል? ድንጋይ» ብለዋልና፣ እዚያው መስኮት አራት ፊት ለፊት፣ ሁለት ሊትር ጠርሙሴን ታቅፌ፣ ከሥራ መግቢያ እስከ መውጫ ሰዓት በየቀኑ ተቀምጬ እንደሚያገኙኝ ሳላሳውቅዎ መቅረት ጨዋነት መስሎ አልታየኝም።

የዘወትር አክባሪዎ፣ በትዕግሥቱ የተመሰገነ፣ በቧንቧው የዛገ፣ እስከ ዛሬ ውሃ ሲመስለው የኖረውን ነገር እየጠጣ ለመሥሪያ ቤትዎ ረጅም ዕድሜ የሚመኝ፣

የኬሚስትሪ መምህሩ፣ የእትዬ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ ከዚህ በታች ያለው ለኃላፊው ሳይሆን ለተማሪዬ ነው። ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት መዝገቡን ከፍቼ ያችን ግማሽ ነጥብ በቀይ እስክሪብቶ መልሼ ቀንሻታለሁ፤ ሃያ ዘጠኝ ተኩል ነህ። ቅሬታ ካለህ እንደ ድሮው አባትህን ይዘህ መምጣት ትችላለህ። በሕይወት ካሉ ሰላም በልልኝ፤ ቃሏ ባትኖር ማን ይሞታል ላሉኝ መልሱን እንዳገኘሁት ንገራቸው። ምድር ቤት፣ ካውያው አጠገብ ታገኙኛላችሁ። ስትመጡ የታሸገ ውሃ ይዛችሁ አትቸገሩ፤ ሁለት ብርጭቆ ከቧንቧችን ቀድቼ አስቀምጥላችኋለሁ። በእናንተ ማኅተም ውሃ አይደለም ተብሏልና፣ ውሃ ከጠማችሁ እንዳታስቡት።